መልስ

ይርሳው አልሁት ስሙን፣ ሐዘን እንዲረሳ፤
አሥራ ስድስት ሞላው አንድ ነገር ሳይረሳ።
"ይርሳው!" ስለው ዝም ነው፤ ለሰው መልስ የለውም፤
የሚኒባስ ታርጋ ግን አንድም አያመልጠውም።
ሐኪሟ ኦቲዝም አለች፤ ሰፈሩ ሌላ ስም ሰጠው በሐሜታ፤
እኔን የሚያስፈራኝ ገበያው ነው፣ እኔ የሌለሁ ለታ።

ክረምቱን ሙሉ፣ ቡሬ በዝናብ ስትዘጋ፣
ስፌቴን ወደ ጎን አልሁ፣ ብር ይዤ ከሱ ጋ።
የተጨማደደ ብር አይቆጥርም ጨርሶ፤
ካውያዬን ያነሣል፣ ያቃናዋል ተኩሶ።
"ሳሙናው አርባ ስምንት፤ ሃምሳ ይዘህ ሂድ፤
መልሱ ሁለት።" ገዢና ሻጭ ሆንን፣ እስኪሆነው ልምድ።

በጥቅምት ቅዳሜ ብቻውን ላክሁት፤
ከበርበሬው ክምር ጀርባ ሆኜ ተከተልሁት።

"ዝርዝር የለም፣ ልጄ" አሉ አያ ቸኮል፤ "እንካ ማስቲካ።"
እሱ አልሄደም። አልነካ።
"ማስቲካ ብር አይደለም።"
ሰዉ ከኋላው ተገፋፋ፤
"ምን ሆኗል? ያመዋል እንዴ?" የሚለው ድምፅ ሰፋ።
ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ፤
ደፍኖም ቃሉ ያው ሆነ፦
"መልሴን።"

ልገባ ነበር፤ ይቅርታ ልል፣ "ተዉት፣ እሱ እኮ..." ልል፤
እግሬ አንድ ተራምዶ ቀጥ አለ።
ስንት ዓመት ነው እኔ ራሴ ማስቲካ ይዤ የተመለስሁት?
መሳቢያዬ ሙሉ ነው፤ ያላኘክሁት፣ ያልጠየቅሁት።

አያ ቸኮል ጣሳ ገለበጡ፤
ከምስማርና ከቁልፍ መሀል ሁለት አንድ ብሮች ወጡ።
ይርሳው አገላበጣቸው፦ አንበሳ፣ ሚዛን፣
አንበሳ፣ ሚዛን።

ማታ "ይርሳው!" አልሁት። እንደ ልማዱ ዝም።
ስፌት መኪናዬ ላይ ግን፣ ከሳሙናው ጎን፣
ሚዛናቸው ወደ ላይ፣ ሁለቱም፤
መልሴን አስቀምጦልኛል።