ኩሽኔታ

ኅዳር ሌሊት፣ ደብረ ብርሃን ውርጩ ሣሩን ሲያነጣ፣
ለሠርጋችን የተሰጠን ብርድ ልብስ ከሣጥን ወጣ፤
ኮፋኖዋን አለበስኳት፣ እስከ መብራቶቿ ድረስ።
"እኔስ?" አለች ሙሉእመቤት፣ "እኔስ ምኑን ልልበስ?"
መልስ የለኝም። ሚስት ብትቀየም ሽማግሌ ይላካል፤
ለበረደው ባትሪ ግን፣ ማን ሄዶ ይማልዳል?

ጎልፍ ናት፤ ሁለት በር፣ ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አያንስ፣
ነጭ ሆና ፊቷ ላይ ቀይ ጥለት፣ ሆዷ አስፋልት የሚልስ።
ዘመዴ በላይነህ ከመንዝ መጥቶ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና፣
"ሁለት ኩንታል ገብስ አትችልም? ታዲያ ምኗ ነው መኪና?"

እውነቱን ነው።
ገብስ አትጭንም። ጉድጓድ ትፈራለች። ኮብልስቶን ያማታል።
ግን ከጫጫ ወዲያ፣ ሜዳው ሲዘረጋ፣ ሦስተኛ ሰጥቼ ስረግጥ፣
ወንበሩ ጀርባዬን ሲስበው፣ የባሕር ዛፉ ረድፍ ሲሮጥ፣
መሪው ሐሳቤን ቀድሞ ሲሰማ፣ ገና እጄ ሳያዘው፣
ያን ጊዜ ገብሱን ማን አስታወሰው?

የጀርመን ልጅ ናት፤ አካሏን ግን በጣልያንኛ ነው የምንጠራ፦
ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ቴስታ፣
ጋሽ ሽብሩ ሲቆጥረው በየተራ።
ብሎን እምቢ ሲል ነው አማርኛው የሚመጣ፣
እሱም ለመጻፍ የማይሆን፣ ከጋራዡ ጉድጓድ የሚወጣ።

ረጅም ካቻቢቴ አለው። ጫፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፣
እጀታውን ጆሮው ላይ ይተክልና ዓይኑን ይከድናል።
"ዝም!" ሲል ጎሚስታው መዶሻውን አየር ላይ ይዞ ይቀራል፤
ሽብሩ ያደምጥና "ቫልቭ ነው፤ ሁለተኛው" ይላል።

እንዲህ ነበር።
አሁን፣ ሠላሳ ዓመት ብረት የጮኸበት ጆሮ ደክሞታል፤
"ዘይት" ስለው "የት?" ይላል፤
ይስቃል፣ እንደ ቀለደ ሰው ያልፋል።
ካቻቢቴውን ግን አልጣለም። ይተክላል። ይጨፍናል።
እኛም ዝም እንላለን።

ባለፈው ሚያዝያ ጣርማበር፣ ዋሻው አፍ ላይ ጉም ተኝቶ፣
መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ፤ ልማዴ ነው፣
ግድግዳው ድምጿን መልሶ እንዲያሰማኝ አጉልቶ።
ያን ቀን ከማርሚታው ጉርምርምታ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤
ጥሬ እንደሚፈጭ፣ ቀጭን፣ ከፊት ግራ እግር።
ቁልቁለቱን ሁሉ፣ እስከ ደብረ ሲና፣ በሁለተኛ ማርሽ ይዣት፣
ወደ ቀኝ ስታጠፍ ሲብስባት፣ ወደ ግራ ስዞር ሲለቃት።

"ኩሽኔታ" አልኩት ሽብሩን። ነዳት፤ ከበሬሳ ድልድይ ተመለሰ።
"ደህና ናት" አለኝ፤ እጁን በጨርቅ አበሰ።
"ይልቅ ጆሮህን ታጠብ!" ብሎ ከልቡ ሳቀ፤
አብሬው ሳቅሁ፤ የኔ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

ሌላ ጋራዥ ነበር፣ ከመንገዱ ማዶ። አልሄድኩም።
መርካቶ ሰው ላክሁ፤ በአይሱዙ ጋቢና፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ።
"እንዲያው አርጅቷል ብዬ ነው፣ ለውጥልኝ" አልኩት፤
ውሸቴ ፊቴ ላይ ወጣ።

ጎማውን አወለቀ። ፈታ። ቀጠቀጠ።
አሮጌውን መዳፉ ላይ አኑሮ በሌባ ጣቱ አሽከረከረው፤
አንዴ። ደግሞ አንዴ። ጣቱ ቆመ።
ጆሮው የደበቀውን ሻካራው ብረት ነገረው።

ቀና ብሎ አላየኝም። አዲሱን በግሪስ ሞልቶ
ገጠመው፤ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ከወትሮው አንድ ዙር አብዝቶ።
ሒሳብ ስጠይቀው "ሂድ፣ ዝናብ ሳይይዝህ" አለ።
አሮጌዋ ኩሽኔታ ቱታው ኪስ ገባች።

መስኮቱን እስከ ታች ከፍቼ ወደ ቤት ነዳሁ።
አዳመጥሁ፣ በቀኝ መታጠፊያ፣ በግራ፣
ድልድዩ ላይ።
ምንም አይሰማም ነበር።
ምንም።