በረዶውን አጥፊው

ያኒና፣ አንቺ ልጅ፣ አውልቂው ከፊቴ፣
ላርፍ ነው የመጣሁ፣ በዚህ በሽበቴ።
እንደ ጋሪ ፈረስ ዓይኔ ላይ ያሰርሽው
ይህን ጥቁር መነጽር ከየት ነው ያመጣሽው?
ነጭ ዳገት፣ ነጭ ሰማይ፣ ነጭ የጥድ ዛፍ፣
ካሮት አፍንጫ ያለው የበረዶ ሰው ቆሞ ሲስቅ —
በረዶውን አጥፊው! ጥርሴ ሳይፋጭ፣ አጥንቴ ሳይደቅ።

«ለተቃጠሉ ሰዎች ነው የተሠራው» አልሽኝ፣
«ፋሻቸው ሲፈታ ሕመሙን እንዲረሱ» ብለሽ አስረዳሽኝ።
መልካም። እነሱን እሳት ነው ያገኛቸው።
እኔን የበላኝ ብርድ ነው። ብርድን በበረዶ ማን ነው የሚያክመው?

የኮሪየንቴስ ልጅ ነኝ፣ ሐብሐብ በፀሐይ የሚፈነዳበት፣
ውሻ እንኳ በቀትር ጥላ ተከራይቶ የሚተኛበት።
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ስስ ጫማ አጥልቀው
ወደ ደቡብ ደሴት ጫኑኝ፣ «ምሽግ ቆፍር» ብለው።
ቆፈርኩ፤ ውሃ ወጣ። ቀን ጭቃ፣ ሌሊት መስተዋት።
ቆምኩበት። ቆምኩበት።
እስኪጠፋኝ ድረስ የእግርና የመሬት ልዩነት።
ሰባት ጣት ቆረጡ። ሐኪሙ ጮክ ብሎ ሲቆጥር
ሰምቻለሁ፣ እንደ እንቁላል ነጋዴ፣ አንድም ሳያስቀር።

ጣቱ ቀረ እንጂ፣ ቅጣቱ መች ቀረ?
የሌለው ይበርደኛል፣ የሌለው ያመኛል፣
አርባ ዓመት በላዬ ሌሊቱን አደረ።
በጥር፣ ወፍ በሙቀት ከዛፍ በሚወድቅበት፣
ሚስቴ ኔሊዳ ማራገቢያው ፊት ላቧን ስትጠርግ
እኔ ሁለት ካልሲ። ሁለት! የሱፍ!
ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ።

ክኒን? እሱንማ አታንሺብኝ።
ነጩ ለጣቴ፣ ቢጫው ለእንቅልፌ፣
ሮዙ ደግሞ ነጩና ቢጫው ላቆሰሉት ሆዴ።
የልጄን ሠርግ በፎቶ ነው የማውቀው።
ሙሽራዋን አቅፌ ቆሜያለሁ አሉ፣ ጨፍሬያለሁ አሉ፤
ፎቶው ውስጥ ያለው ሰውዬ ደስ የሚል ሰው ይመስላል።

ዝም አልሽ። ሽቦውን ነቀልሽ።
ከዚያ አርባ ዓመት ሙሉ
አዛዥም፣ ሐኪምም፣ ቄስም ያልጠየቀኝን ጠየቅሽኝ፦
«የት ቢሆኑ ይሻልዎታል?»
ምን ልበል? ምላሴ ተሳሰረ።
«ወንዙ ዳር» አልኩሽ፣ እንደ ሕፃን አፍሬ።

ሐሙስ ስመለስ አፍንጫሽ በፀሐይ ተልጧል፣
ክንድሽን ቢንቢ ጨርሶታል።
በወንድምሽ ታንኳ ቀዝፈሽ፣
እንደ ብርቱካን የምታክል ካሜራ አናትሽ ላይ አስረሽ...
ወንዝ በገንቦ እንጂ በካሜራ ሲቀዳ
አይቼ አላውቅም ነበር፤
ፓራና ተቀድቶ መጣ እስከዚህ ጓዳ።

ከእግሬ ሥር ሳፋ፤ ሳፋው ውስጥ የሞቀ የወንዝ አሸዋ።
ዓይኔ ላይ ያ ቡናማ ውሃ፣ ያ ሰፊ፣ ያ የማይቸኩል።
ዶራዶው እንደ ወርቅ ሳህን ዘለለ፣
ክሩ ተበጠሰ፣
ወንድምሽም ዓሣውን እስከ ሰባት ቤቱ ሰደበው።
(ያን ቆርጠሽ መጣል ረስተሻል። እንኳን ረሳሽ!)
ሳቅኩ። ስስቅ ጣቶቼ ተፍታቱ፤
ሰባቱም፣ የሌሉት፣
አሸዋውን ሲቆፍሩ ተሰማኝ።
ምሽግ አይደለም። ለጨዋታ።

ዳንኩ አልልም። ሃያ ደቂቃ ናት።
ማታ ብርዱ ቤቴን አይስትም፤
ግን አንኳኩቶ መግባት ጀምሯል፣
ድሮ በሩን ሰብሮ ነበር።

በረዶውን ግን፣ ያኒና፣ አደራ፤
አጥፊው ብዬሽ ነበር፣ አታጥፊው።
ደጅ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ
የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ኦዲሎን ይባላል።
መርከቡ ሲመታ ሞተር ክፍል ነበር፤
እስከ ዛሬ ክብሪት ሲጫር ከቤት ይወጣል።
ነጩን ዳገት፣ ካሮት አፍንጫውን፣ ሁሉንም
ለእሱ አብሪለት።
እኔ ደጅ እጠብቀዋለሁ።
ሲወጣ ብርድ ብርድ ካለው
ካልሲዬን አበድረዋለሁ።