ፌሮ ለአበባዬ

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮዬ ፈጬ ጥግ፣
በአንዲት መስኮት ብቻ ፀሐይ ሲፈላልግ፣
ወገቡ ሰለለ፣ አናቱ ከበደ፤
ሌሊት ከነጣሳው ጓ ብሎ ወረደ።

«ቁረጪው» አለችኝ እታገኝ ከታች ቤት፤
መቀስ ይዤ ቆምኩኝ፣ ግን አጣሁኝ ድፍረት።
በቀለም ባልዲ ውስጥ ጠጠር ረበረብኩ፣
የተረሳ ፌሮ በጎኑ ተከልኩ፣
ባሮጌ ካልሲዬ አሰርኩት አላልቼ፣
ጀርባውን ለብርሃን፣ ፊቱን ለግንብ ሰጥቼ።

አሥራ አምስት ቀን ሆነው። ዛሬ ማለዳ ሳይ፣
አንገቱን አዙሯል ዳግም ወደ ፀሐይ።

አልተቆጣሁትም። የኔም ወንበር እግሩ
ሊሾውን ፍቆታል እስከ መስኮት ዳሩ፣
የማታው አውቶቡስ ልጄን እስኪያመጣት።

ይቺን አንገቴንስ የቱ ፌሮ ይግታት?