ምዕራፍ ዐሥራ ዘጠኝ

ጀህራ፣ ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ኤሲው ያጓራል፣ ከመስኮቱ ማዶ ግን ገና እሳት።
ቀኝ ጆሮዬ ለሀጃ ሙዲ ሳል፣
ግራው ለትረካው፤ ገመዱ በሻሼ ሥር ያልፋል።

ተራኪው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ገጽ ሲገለጥ ይሰማል፤
አንዳንዴም ከሩቅ፣ እሱ ልብ ያላለው ዶሮ ይጮኻል።
ያ ዶሮ መጽሐፉ ውስጥ የለም።
እኔ ግን ስለ እሱ ስል
ስንቴ ወደ ኋላ መለስኩት።

ጸዳለ ትባላለች፣ መድፍ ከከተማዋ ያስወጣት፤
ክንፈ ይባላል፣ ወንዝ ዳር ፎጣውን ለሁለት ቀዶ የሰጣት።
የእሷ ድንኳን ሰማንያ አራት፣ የእሱ መቶ ስድስት፤
መሐላቸው ጭቃ፣ የውሃ ሰልፍ፣ ጀሪካን ለአንድ ቤት ሦስት።
«ዛሬ የሁለት ጀሪካን ያህል አብረን ቆምን» ይላታል።
ይህን የሰማ ሰው እንቅልፍ ከየት ይመጣለታል?

አንድ ሌሊት ሀጃ ሙዲ ገመዱን አዩት።
ስልኬ ሊወሰድ ነው ብዬ ልቤ ቀጥ አለ።
እሳቸው ግን ፍራሻቸውን መታ መታ አደረጉና
«ነይ ጦይባ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አሉኝ፤
«ይሄ ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ምን ይልሻል?»

በማውቃት ዐረብኛ፣ በወጥ ቤቷ፣
በ«አምጪ»ና በ«ውሰጂ»፣ በሽንኩርት ቋንቋ
ፍቅር ልተረጉም ተቀመጥኩ።
«ናፈቅሽኝ»ን ማንም አላስተማረኝም፤
«ቤቱ ያለ አንቺ አልተጠረገም» አልኳቸው።
ገባቸው።
«ሞተ» ለማለት ከብዶኝ «ጋዙ አለቀ» አልኩ።
እሱም ገባቸው።
ስደተኛ የሚለው ግን ጠፋኝ፤
ትራስ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ ክፍሉን ዞርኩ።
ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው መሐል ላይ ቆመና
«አውቃለሁ» አሉኝ፤ «እኔም ነበርኩ።»

ዐረብኛው አንቱታ የለውም።
በልቤ እሳቸው የነበሩት
ያን ሌሊት እሷ ሆኑ።

በወረራው ዓመት፣ በዚሁ በነሐሴ፣
በፒካፕ ጀርባ፣ በአሸዋው ወደ ኻፍጂ፣
ሰባት ሰው፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ።
አንድ ልጅ ነበር አለች፣ እዚሁ ጀህራ የተወለደ፣
አባቱም እዚሁ የተወለደ፣ ግን ወረቀት የሌለው፤
ሽማጉን በድርሻው ውሃ አርጥቦ
ፊቷን የሸፈነላት።
ድንበሩ ላይ «ወረቀት» አሉ።
ከዚያ ወዲያ አልቀጠለችም።
ስሙን አልጠየቅኋትም፤
ዐይኔ ብቻ ሄዶ ቁም ሳጥኗ ላይ ቆመ፣
ምራቷ ቁልፉን ፈልጋ ያጣችለት።

ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ የሁለታችን ነው፤
አንድ ጆሮ ለእኔ፣ አንድ ጆሮ ለእሷ።
ቃሉን አትረዳውም፣ ግን ትሰማለች፤
ዶሮው ሲጮኽ ጣቷን ታነሣለች።

ትናንት ልብስ ማጠቢያው ክፍል በሩን ዘግቼ
መጨረሻውን ለብቻዬ ቀድሜ ሰማሁ።
አላስችል ብሎኝ ነው። ሌባ ሆንኩ።
አውቶቡስ ነበር፣ የስም ዝርዝር ነበር፤
ተራኪው ስሞቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ አነበበ፤
ሲጨርስ ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም።

ዛሬ ሀጃ ጆሮዋን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ።
«አለፈ?» አለች ገና ሳልቀመጥ። «ልጁ ድንበሩን አለፈ?»
ዝርዝሩ በጆሯችን ይነበባል፤
እሷ የማታውቃቸው ስሞች፣
እኔ የምጠብቀው አንዱ የሌለባቸው።
ባሉኝ ሃያ ቃላት፣ በሽንኩርት ቋንቋ፣
«በሩን ከፈቱለት» አልኳት።
«ውሃ ሰጡት።
ቤቱ ተጠረገ።»

ረጅም ዝምታ። ኤሲው ብቻ።
ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘችና
«ዶሮውስ?» አለችኝ።

ወደ ኋላ መለስኩት።