ሰባ ስምንት ኪሎ

ዊክሎ ወደብ፣ ሰኔ፤ ውድድሩ ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው
ከዓሣ ተራ ሰዎች ሚዛን ተዋስን፣ ዝገት የበላው፤
ከክሬኑ ብረት አንጠለጠልነው በመንጠቆ፣
የጀልባዋ ዕቃ ሁሉ ወጣ፣ ከሆዷ ተለቅሞ አልቆ።

ሰባት መቶ ማይል ነው አየርላንድን መዞሩ፤
በምዕራብ በኩል አትላንቲክ ነው፣ ወለል ያለ በሩ።
እያንዳንዷ ግራም ቆማ ትጠየቃለች፣
«ማንን ታድኛለሽ?» ትባላለች።

ነርሷ ኦርላ የመድኃኒት ሣጥኗን ፈታች፣
ክኒኑን አስቀርታ ካርቶኑን ጣለች፤
የጥርስ ብሩሽ እጀታ በመጋዝ ቆረጠች፣
ሰባት ግማሽ ብሩሽ በአንድ ኩባያ ደረደረች።
ሰባት።
እኛ ግን ስምንት ነበርን፤
ማንም አልቆጠረም። ወይም ቆጥረን ዝም አልን።

ታይግ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ወጥቶ
መብራት ይቀይራል፣ አሮጌውን ሽቦ ፈትቶ፤
እዚያ ላይ ሆኖ ያፏጫል። ባለፈው ወር ልምምድ ግን፣ በሌሊት፣
ባልዲ አቅፎ ነበር ያደረው፣ እስኪወጣው ሐሞት።

ፊንታን ከታች ተቀምጧል፣ ገመድ እየገመደ፣
የተበጠሰውን ጫፍ ከጤነኛው እያዛመደ።
ጎኗ በግንቡ እንዳይፋቅ የጎማ ትራስ አስሮላታል፣
እንደ ታመመ ሰው ሄድ እያለ ያያታል።
ቋጠሮ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ገና ሳልለይ
ነፋስ ከየት እንደሚመጣ በጉንጬ ላይ።

ማክሰኞ «ሰው ወደቀ!» ተባለ። ልምምድ ነው፤
የወደቀው ጆንያ ነው፣ አሮጌ ጃኬት ያለበስነው።
የባሕሩ ውኃ አሥራ አንድ ዲግሪ።
መጀመሪያ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብን፣ ቀጥሎ ስድስት።
በሦስተኛው መዘውሩ አመለጠው ፊንታንን፤
ቀኝ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ገመዱ ሮጠ፣ ጆንያው ተለየን።
ማንም ቃል አልተነፈሰም። መዳፉን ገልብጦ አየው፣
ከጎረቤት የተዋሰው ዕቃ ይመስል፣ ባለቤቱ የሚጠብቀው።

ከዚያ ወዲህ የስም ዝርዝሩ ኪሴ ውስጥ ከረመ፣
ወረቀቱ ላብ ጠጣ፣ ቀለሙ ደከመ።
በሻይ ሰዓት ልነግረው፣ በራት ሰዓት ልነግረው፣
አፌን ከፍቼ ስለ ባትሪ አወራሁ፣ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ጨው።

ዓርብ ማታ ሁሉም ተመዘነ፤ መልሕቁ ከነሰንሰለቱ፣
የሾርባው ዱቄት፣ የነፍስ አድን ጀልባይቱ፣
መንትዮቹ ሩዋሪና ኮናል እየተጣሉ የደበቁት ቸኮሌት ሳይቀር።
ያኔ ፊንታን መጣ። ኮቱን አወለቀ፣ ቦቲውን አወለቀ፣
መንጠቆውን በሁለት እጁ ይዞ ተንጠለጠለ፣ እግሩ መሬት ለቀቀ።

«አንብቢ» አለኝ።
መርፌው ዋዠቀ፤ ቆመ።
«ሰባ ስምንት።»
«ጻፊው እንግዲህ፣ ከሚቀረው ዕቃ ጋር፣
ከትርፉ ምድጃ በታች፣ ሌላ ነገር ሳትጨምሪበት።»

ጻፍኩ። እሱ ወርዶ ቦቲውን ሲያጠልቅ
ከተቀደደው ካልሲ አውራ ጣቱ አለ ብቅ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ገመዱን ከግንቡ የፈታልን እሱ ነው።
ጀልባዋ ከውኃው ከፍ አለች፤ የአንድ ጣት ስፋት ቢሆን ነው።
ሰባ ስምንት ኪሎ ቀለለች፤
መሪዋን ስጨብጥ ግን ከበደች።
ሕዝቡ ያጨበጭባል። ፊንታን መዳፉን አፉ ላይ ሲያደርግ
ምርቃት መስሎኝ ዞርኩ፣ ዓይኔን ልጠርግ፤
«ትራሶቹን! የጎኗን ትራሶች አንሱ፣ እናንተ ጉዶች!
አገር እያየ? እንደ ላም ጡት አንጠልጥላችሁ? ሰባት ደናቁርት ልጆች!»

ታይግ ሮጠ። አንዱን ፈታ፣ ሁለተኛውን ፈታ፤
ሦስተኛው እምቢ አለው፣ ቋጠሮው አልላላ አለ ላፍታ።
ቢላውን ሲመዝ «አይቆረጥም!» ብዬ ጮኽኩ።
መሪውን ለኦርላ ሰጥቼ ሄድኩ፤
ጭራውን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋሁ፣
ከዚያ ሳብኩ።