ጥያቄ ዐሥራ ሰባት

«ተቀይሯል» አሉ ፈተናው ዘንድሮ፣
ድርሰቱን አስቀርቶ፣ ሰዓቱን አሳጥሮ፤
እርሳስና ላጲስ አያስገባም በሩ፣
ክብ ማጥቆር ቀርቶ ጠቅ ሆኗል ነገሩ።

እኔ'ኮ ሦስት ዓመት፣ ከዋናው ግቢ በር፣
ላንቃሞ ሲያባዛ፣ እኔ ብር ስቆጥር፤
ገጹ በሁለት ብር፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣
የማላውቀውን ሰው የእርሳስ ጭረት ይዞ፤
የሐዋሳ ቢንቢ ደሜን እየለመደ፣
ጥራዙ በእጄ ላይ እየተቀደደ፣
«ከጥንት ጀምሮ…» የምትል መግቢያ
ሸምድጄ ነበረ፣
ለመግቢያው መግቢያ።

ትናንት ወደ ማታ፣ ከአሞራ ገደል፣
ዳራሜ ጠቅልላ ዓሣ ስታቀብል፣
ወረቀቱን ሳየው፣ ጥያቄ ዐሥራ ሰባት!
(ላንቃሞ በኪሎ መዝኖ ሸጦላት)
የዘይት ወዝ ጠጥቶ፣ አጥንት ተጣብቆበት።

«ሀ ከለ ቢበልጥ፣ ለ ከሐ ቢበልጥ፣
ትንሹ ማን ነው?» ይላል፣ ዓሣዬን ስገምጥ።
አባ ኮዳ ደግሞ፣ ክንፉን ወደ ኋላ
አጣምሮ እንደ ፈታኝ፣ ያየኛል ስበላ።

መልሱን አውቀዋለሁ።
በቅባት ጣቴ ጫፍ
ክቧን አጠቆርኳት፣
ከመስመር ሳላልፍ።