መርፌው እስኪረጋ

ከካትማንዱ ወጥተን በአራተኛው ቀን፣ መንገዱ ተንዶ፣
መኪናችን ቀረ ከወንዙ ማዶ።
ካርቶኑን ጎረምሶች አዝለው በግንባር ጠፍር፣
ሲያወጡት ረፈደ እስከ ፈረሰው ሰፈር።
መንደር ነበር እዚህ፤ ማለቴ፣ አሁንም አለ፣
ግድግዳው ተኝቶ፣ ሰው ቆሞ የዋለ፤
እርከን ላይ በቆሎው፣ ወሬ እንዳልሰማ ሰው፣
ቅጠሉን ዘርግቶ ካፊያውን ሲልሰው።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ነርሷ ኢሽዋሪ ናት።
«ለሕጻናት ጤናና ምግብ» ይላል የሰደርያችን ጽሕፈት።
ሸራ አንጥፋ ደረደረች፦ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣
የለውዝ ቅቤ በከረጢት፣ አንድ ሚዛን ከነሰንሰለቱ።
«የት ልስቀለው?» አለች። «ምሰሶ የሚታመን የቱ?»

ሱንታሊ ተነሣች፤ በነጻ ለሃያ ዓመት
የዚህን ሰፈር ልጅ ሁሉ የመዘነች ሴት።
ጓሮዋን አሳየች፦ አንድ የኮክ ዛፍ ቆሟል፣
ሥሩን ምድር ይዞታል፣ ፍሬው ግን ረግፏል።
«ቤቴ ሲወድቅ ቆሞ ሲያይ ነበር» አለች፣
«እስቲ ዛሬ ይሥራ።» ሰንሰለቱን ሰቀለች።

የመጀመሪያው ሕጻን፣ ዓመት ከሁለት ወሩ፣
ከሚዛኑ ሱሪ ውስጥ ተንጠለጠለ እግሩ።
መርፌው ስድስትን አለፈ፣ ሰባትን ነካ፣
ወረደ፣ ደግሞ ወጣ።
«አትወራጭ፣ ዝም በል» ትላለች እናቱ፤
እሱ ግን ጸጥ ብሏል፣ አይነቃነቅም አንገቱ።
ምድር ነበረች።

ከገደሉ አፋፍ ድንጋይ ተንከባለለ፤
ውሻ አንዴ ጮኸ፤ ሰው ወደ ሜዳ ዘለለ።
ሱንታሊ ብቻዋን፣ መዳፏ ግንዱ ላይ፣
ዛፉን እያባበለች፣ ግራ ቀኝ ሳታይ።
መርፌው ረጋ።
«ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ። ጻፍ።»
ጥብጣቡ ክንዱን ዞሮ ቆመ ቀዩ ላይ።
እኔም ጻፍኩ፦ ቀይ።

የድሮው መዝገብስ? ጤና ጣቢያው ተደርምሶ፣
ከቁም ሳጥኑ ጋር ነው፣ ጭቃ ለብሶ።
«የጥር ክብደት ከሌለን፣ ማን እንደከሳ
በምን እናውቃለን?» ሱንታሊ ዓይኗን ከደነች፣
ጀመረች፣ አንድም ሳትረሳ፦
«የወፍጮ ቤቱ መንታ፣ ሰባት፤ ሰባት ከሁለት መቶ፤
ትንሹ ኑርቡ ስምንት፣ ከተቅማጥ ተነሥቶ፤
ሱክማያ አሥር ሙሉ፣ ስትመዘን የምትስቅ፤
ሚንግማር ዘጠኝ ከግማሽ፣ ጫማውን አያወልቅ።»
ብዕሬ ይሮጣል። ከዚያ ድምጿ ሳይለወጥ፣
ልክ እንደ ቀደሙት ሁሉ፣
«ጁኑ፣ የልጄ ልጅ፣ ሰባት ከአራት መቶ።»
ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች ጭጭ አሉ።

ብዕሬ ቆመ። ጥፍሮቿን አሁን ነው ያየሁ፤ አንድ ደህና የለ፣
ድንጋይ ሲቧጥጥ ያለቀ፣ ደም ያዘለ።
«ጻፍ እንጂ» አለችኝ። «በጥር የነበረች ናት።
የጥር መዝገብ አይደል? አትዝለል፣ አስገባት።»

ከሰዓት በኋላ፣ የዚያ የመጀመሪያው ልጅ እናት
ከረጢቱን በጥርሷ ቀደደች፤ ግማሹን ለሱ፣
ግማሹን ቀሚሷን ይዞ ለቆመው ለታላቁ።
«መድኃኒት ነው፣ አይከፈልም» ይላል መመሪያው።
ኢሽዋሪ አየች። መመሪያውንም ታውቃለች።
ዞር ብላ ሌላ ከረጢት ከካርቶኑ ሳበች፤
«ይሄ ወደቀብሽ» ብላ እግሯ ሥር አኖረች።
ማታ ቁጥር ሳስታርቅ አንድ ጎደለኝ በሻማ፤
«መንገድ ላይ ፈነዳ» አልኩ፣ ማንም ሳይሰማ።

ሌሊት፣ አንድ ሸራ ሥር ሠላሳ ሰው ሆነን፣
ዝናቡ ሲያባራ
ሰንሰለቱ ከኮክ ዛፉ ላይ ቅጭል አለ።
ሠላሳ ራስ ቀና። ባዶዋ የሚዛን ሱሪ
ወዲህ ወዲያ ስትል በጨለማ ታየችኝ፤
መርፌው ግን አልታየኝም።
«ነፋስ ነው፣ ተኙ» አለች ሱንታሊ።
እኛ ተኛን። እሷ ቁጭ እንዳለች።